ቤት ለቅቆ ለሚሄድ ሰው ስለ ግቢው አትክልት

ሰው ከቤት ወደ ቤት ሲዛወር አስቀድሞ የሚያስበው ስለ አልጋው፥ ስለ ሣጥኑና ስለ ማድቤቱ ዕቃ ነው። ግቢው የሚታሰበው ዕቃው ሁሉ ተጭኖ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ እመቤቲቱ ዞር ብላ ጌሾውን፥ ጤና አዳሙንና በሶብላውን አይታ ትተክዛለች። ከእነዚህ ይልቅ የሚረሳ ግን ሌላ አለ፤ ይኸውም እንደ ሽንኩርት ራስ ያለው፥ ከመሬት በታች ተኝቶ የሚከርመው የአበባ ሥር ነው። ዛሬ ስለዚሁ ለቤተ ሰብ የሚጠቅም ጥቂት ነገር እንጽፋለን።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ሲከፍሉ ጸደይ ብለው የሚጠሩት ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለውን ወራት ነው። በአገራችን በዱርም በግቢም የሚገኝ፥ በሳይንስ ስሙ ስካዶክሱስ ሙልቲፍሎሩስ የተባለ ቀይ አበባ አለ። ይህ አበባ የበልግ ዝናም መሬቱን ሲያረጥበው አንድ አገዳ ያወጣል፤ በአገዳውም ጫፍ ብዙ ጥቃቅን አበቦች እንደ ኳስ ክብ ሆነው ይታያሉ። ዝናሙ ካለፈ በኋላ ቅጠሉ ይጠወልግና ከመሬት በላይ ምንም ምልክት ሳይቀር ይጠፋል። ራሱ ግን አልሞተም፤ ምግቡን በውስጡ ሰብስቦ የሚመጣውን በልግ ይጠብቃል።

ስለዚህ በከሚሴም ሆነ በባቲ በታኅሣሥ ወይም በጥር ወደ አዲስ ቤት የገባ ሰው ባዶ መሬት ያየ ይመስለዋል። ዶማውን አንሥቶ ሲቆፍር ራሱን ሰንጥቆ ይጥለዋል፤ አለዚያም ሽንኩርት መስሎት ወደ ማድቤት ያስገባዋል። ይህ ሁለተኛው ከፊተኛው ይልቅ የከፋ ነው፤ የዚህ አበባ ራስ መርዝ አለበትና ሰውንም ከብትንም ይጎዳል። እንግዲህ የሚሄደው ሰው ለሚገባው ሰው ሳይነግረው ቢቀር የሚጠፋው አበባው ብቻ አይደለም።

በፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት ስንሠራ እንደምናየው፥ ጠብ ሁሉ ከትልቅ ነገር አይጀምርም። ቤቱን የሸጠው ሰው ዋጋውን ከተቀበለ በኋላ መጥቶ አበባውንና ሎሚውን ነቅሎ ቢሄድ፥ ገዥው «የገዛሁት ግቢውን እንዳየሁት ነው» ይላል፤ ሻጩም «በገዛ እጄ የተከልሁት ነው» ይላል። ለሚሰማው ሰው ሁለቱም እውነት ይመስላሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በቁጥር 1133 ዛፍና ሰብል ከመሬቱ እስኪለዩ ድረስ የመሬቱ ክፍል ሆነው እንደሚቆጠሩ ደንግጓል። ከመሬቱ ተለይተው እንዲወሰዱ ውል ከተደረገባቸው ደግሞ ለብቻቸው እንደ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ይቆጠራሉ። በ1967 ዓ.ም. ከወጡት አዋጆች ወዲህ መሬት በግል የሚሸጥ ባይሆንም፥ ቤት ሲሸጥ ግቢው ከቤቱ ጋራ ስለሚተላለፍ ይህን ደንብ ማወቅ ይጠቅማል። ከአትክልቱ የሚወስደው ያለ ሻጭ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ይናገር፤ በውሉም ውስጥ አንድ መሥመር ያስጽፍ። ያች አንዲት መሥመር የብዙ ቀጠሮ ድካም ታስቀራለች።

አወሳሰዱም እንዲህ ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ እስኪደርቅ ድረስ ራሱ አይነቀልም፤ ቅጠሉ ለሚመጣው ዓመት ምግብ የሚያከማችለት ነውና። ከደረቀ በኋላ ዙሪያውን ራቅ አድርጎ መቆፈርና ከነአፈሩ ማውጣት ይገባል። በእናቲቱ ራስ አጠገብ ልጆች ወጥተው ቢገኙ እነርሱን በቀስታ ለይቶ መውሰድ፥ እናቲቱን ግን መልሶ በስፍራዋ መትከል መልካም ነው። የተወሰዱትን በጥላ ማድረቅ፥ በወረቀት ጠቅልሎ ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ማኖር፥ በላስቲክ ከረጢት ግን አለማፈን ነው፤ እርጥበት ያበሰብሳቸዋልና። ከልጆች እጅ ርቀው ይቀመጡ። እንዲህ ከሆነ የሚሄደውም ባዶ እጁን አይሄድም፤ የሚገባውም ባዶ ግቢ አያገኝም።

ይህ ልማድ በሌላም አገር የታወቀ ነው። ካሮሉስ ክሉሲዩስ የተባለው የዕፀዋት ሊቅ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1593 ወደ ሆላንድ ከተማ ወደ ላይደን ሲዛወር፥ የሰበሰባቸውን የቱሊፕ ራሶች ይዞ ሄዶ በዚያ ተከላቸው። ቱሊፕ ግን ቅዝቃዜ ካላገኘ በደንብ ስለማያብብ፥ እንደ ከሚሴ ላለ ሞቃት አገር የአገሩ አበባ ይሻላል።

ተዛውሮ የሚሄድ ሁሉ ግን ለመቆፈርም ለመስማማትም ጊዜ አያገኝም። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ አገር እንዲሰፍር ከተወሰደው 600,000 ያህል ሰው የሚበዛው ወሎዬ ነበር። በ2013 ዓ.ም.ም በአጣዬ፥ በጅሌ ጥሙጋና በአካባቢው በደረሰው ግጭት ከየወገኑ ብዙ ሰዎች ደጃቸውን ትተው ወጥተዋል። የእነዚህ ሰዎች ግቢ ውል የተደረገበት አይደለም። በእንግሊዝና በአሜሪካ ገጠር ቤቱ ፈርሶ ድንጋዩ ከተበተነ በኋላ እንኳ ናርሲስ የተባለው አበባ በየዓመቱ እየወጣ የቤቱ ደጅ የት እንደ ነበረ ያመለክታል። በእኛም አገር ባለቤቱ በሌለበት ግቢ ድንገት አበባ ሲወጣ ያየ ጎረቤት፥ አንድ ሰው በእጁ እንደ ተከለው አስቦ ከከብት ይጠብቀው፤ ስፍራውንም ያስታውስ። ባለቤቱ ቢመለስ ከፈረሰው ቤት መካከል ሕያው ሆኖ የሚቀበለው ምናልባት እርሱ ብቻ ነው።

በደኅና ጊዜ የሚዛወር ሰው ግን ምክንያት የለውም። ቁልፉን በሚያስረክብበት ቀን አዲሱን ባለቤት ይዞ ግቢውን ይዙር፤ ራሱ ባለበት ስፍራ ላይ እንጨት ይትከል፤ የሚያብብበትን ወርና መርዝነቱን ይንገረው። ይህን ለማድረግ ከግማሽ ሰዓት የበለጠ አይፈጅም።