የሕክምና ገንዘብና የግብር መዝገብ

በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ሱቅ ከፍታችሁ ሠራተኛ ቀጥራችሁ የምታሠሩ ነዋሪዎች ሆይ! ሰኔ 30 የግብር ዓመቱ ተዘግቶ ሐምሌ ሲገባ ሁላችንም ደረሰኝ ፍለጋ መሳቢያ እንበረብራለን። ከዚያ መሳቢያ የወጣው የሕክምና ወረቀት ሁሉ የሱቅ ወጪ ተብሎ ሲመዘገብ እያየን ዝም ማለት አልቻልንም።

በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት አሠሪ ለሠራተኛው ሕክምና በትክክል የወጣውን ገንዘብ ቢከፍል፣ ያ ገንዘብ የሥራ ግብር አይቆረጥበትም። ነገር ግን ሠራተኛው ታመመም አልታመመም «የሕክምና» እየተባለ በየወሩ ከደመወዝ ጋር የሚሰጠው ቁርጥ ገንዘብ ያው ደመወዝ ነው፤ ስሙ አያድነውም። ግብሩ ሳይቆረጥ ከቀረ የሚጠየቀው አሠሪው ነው፤ ያን ጊዜ «ለልጁ አዝኜለት ነው እኮ» ቢሉ ማን ይሰማል?

ለራሳችሁና ለቤተሰባችሁ የምትከፍሉት የጤና መድን መዋጮስ? እሱ የቤት ወጪ ነው እንጂ የሱቅ ወጪ አይደለም። መዋጮው ደግ ነገር ነው፣ ክፈሉ፤ ከሸቀጡና ከኪራዩ ጋር ግን አትደምሩት።

በጡረታም የሚሳሳት አለ። ከሠራተኛው የሚቆረጠው 7 በመቶና አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ ለየብቻ ይጻፉ። ግብሩ የሚሰላው 7ቱ ከመቀነሱ በፊት ባለው ደመወዝ ላይ ነው፤ 11ዱ ደግሞ በሠራተኛው ገቢ ላይ አይደመርም።

የሐኪም ቤቱን ደረሰኝ በታከመው ሠራተኛ ስም አስጽፋችሁ፣ ከቤተሰባችሁ ወረቀት ለይታችሁ በሌላ አቃፊ እንድታስቀምጡ እናሳስባለን። እስከ ሐምሌ መጠበቅም አያሻም፤ የታከመበት ዕለት ይግባ።