አንጥረኛውን ለቀቅ አድርጉት!

ሰሞኑን ከጓደኞቻችን አንዷ ውጭ አገር ካለች ዘመዷ የተላከላትን ፎቶ ለሁላችንም አሳየችን። ሐብል ነው። መሀሉ ላይ የላስታ ሴቶች በማተብ የሚያስሩት ዓይነት ያረጀ የብር መስቀል፣ ግራና ቀኙ ላይ ደግሞ ሁለት የብር ኩክ ማውጫ ተበይዷል። (አትሳቁ፤ አያቶቻችንም ኩክ ማውጫቸውን ከመስቀላቸው ጋር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉት ነበር።) ከሐብሉ ጋር የተሰጣት ወረቀት ሁለት ቃል ብቻ ይዟል፦ «ጥንታዊ፣ ኢትዮጵያ»። የማን ነበር? ከየት መንደር? ማን ሠራው? ዝም።

ክርክሩ ወዲያው ተጀመረ። ግማሾቻችን «ቅርስ አጠፉ፣ ይሄን የሚበይድ አንጥረኛ መታሰር አለበት» አልን። ቁጣው ጥሩ ነው፤ አድራሻው ግን ተሳስቷል እንላለን።

እስኪ ያ መስቀል መስቀል ከመሆኑ በፊት ምን እንደነበር እንጠይቅ። ብዙውን ጊዜ ጠገራ ብር ነበር። ማርያ ቴሬዛ በእኛ አገር ስትዘዋወር የኖረችው 28 ግራም ያህል እየመዘነች፣ 83.3 በመቶ ንጹሕ ብር ሆና ነው። በየትኛውም ዓመት ብትታተም የሚጻፍባት 1780 ነው፤ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት። አንጥረኛው እሳት ውስጥ ከቷት መስቀል፣ አምባር፣ አልቦ ሆና ስትወጣ «የኦስትሪያ ቅርስ ጠፋ» ብሎ ያለቀሰ አልነበረም። ማቅለጥና መልሶ መሥራት ራሱ የሙያው ባህል ነው። አንጥረኛውን በዚህ የምንከስ ከሆነ መስቀሉም ባልኖረ ነበር።

ጃፓንም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። በ1876 እ.ኤ.አ. መንግሥት ሰይፍ ታጥቆ መሄድን ሲከለክል የሰይፍ እጀታና አፎት ጌጥ ሲሠሩ የኖሩ ባለሙያዎች ሥራ ፈቱ። እጃቸውን ወደ ሌላ ጌጣጌጥ አዞሩ፤ እጀታው ላይ ይታሰሩ የነበሩ ትናንሽ የብረት ቅርጾችም የልብስ መርፌና የሸሚዝ ቁልፍ ሆኑ። ዛሬም የሰይፍ ጌጥ ሐብል ሆኖ ይሸጣል። ነገር ግን እዚያ ብዙው ሥራ የሠሪው ስም ተቀርጾበታል። ስም ባይኖረው እንኳ ዘመኑንና የሙያ ቤቱን መርምሮ ወረቀት የሚሰጥ የሰይፍ ጥበቃ ማኅበር አላቸው። ጌጡ ቦታ ቢለውጥም ስሙን ይዞ ነው የሚሄደው።

የኛስ? እንዴ! የኛ አንጥረኛ በምን ሞራሉ ስሙን ይቅረጽ? በቀን መስቀሉን ተቀብለን የሳምን እኛ፣ ማታ «ቡዳ ነው» ብለን ልጃችንን የደበቅን እኛ። መሬት ከልክለን፣ ጋብቻ ከልክለን፣ ቀጥቃጭና አንጥረኛን ከሰው በታች አድርገን ኖርን። ዛሬ ደግሞ የሥራው ተቆርቋሪ ሆነን ሰውየውን እንክሰሰው?

ሻጯንም ለቀቅ አድርጓት። በላስታ የብር ጌጥ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ለክፉ ቀን የተቀመጠ እህል ነው። በ1977 ወሎ ምን እንደሆነ ለማንም አይነገርም። በቅርቡም በ2012 ኮሮና መጣና ላሊበላ የምትኖርበት ቱሪስት ቀረ፤ በ2013 ክረምትና በ2014 የመጀመሪያ ወራት ከተማዋ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበሏት። አንዲት እናት በዚህ መሀል ከማተቧ ፈትታ ብትሸጥ ማን ይፈርድባታል? የኛ ጥያቄ ለገዢው ነው። መስቀሉን ሚዛን ላይ አስቀምጠህ በግራም ስትከፍል፣ ስሟን ለመጠየቅ ስንት ደቂቃ ይፈጅብህ ነበር?

ስም ምን ያደርጋል የምትሉ አፍሮ አይገባን አስታውሱ። የላሊበላው ትልቅ መስቀል በ1989 ተሰረቀ፣ ቤልጅየም ተገኘ፣ በ1993 ተመለሰ። የተመለሰው ስም ስለነበረው ነው፤ ካህኑም ምእመኑም ጎብኚውም ያውቀዋል፤ «የኔ ነው» ብሎ የሚደብቀው ሰው መደበቂያ የለውም። ያቺ የማተብ መስቀል ግን ነገ ብትገኝ ለማን ትመለሳለች?

ይባስ ብሎ የመቅደላን ነገር ተመልከቱ። በ1860 የእንግሊዝ ጦር ምርኮውን በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭኖ ወርዶ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ቸበቸበው። ከዘረፋው መካከል ግን የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት ጌጣጌጥና ቀሚስ የማን እንደነበሩ ተጽፎ ቆየ፤ ለዚህ ነው የለንደኑ ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም በ2010 ሲያሳያቸው በባለቤታቸው ስም ቆመን «መልሱ» ለማለት የቻልነው። ዘራፊ የጻፈውን እኛ በገዛ ገበያችን መጻፍ ያቅተን?

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ጥሩ። ግን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የሚፈትሽ ሰው ተቆራርጦ፣ ተበይዶ፣ አዲስ ሰንሰለት ገብቶለት የመጣን ብር ምን ብሎ ይለየው? አዲሱም በጭስና በአፈር አርጅቶ ይሸጣል።

ስለዚህ ለጌጣጌጥ ነጋዴዎች፣ በተለይም ለኛው ዕድሜ እኩዮች፣ የምንለው ይህ ነው። የቤተ ክርስቲያን የሆነውን አትንኩ፤ በዚህ ድርድር የለም። ያልተሰበረውን አትስበሩ፤ አንጥረኛው በሕይወት አለ፣ አዲስ አሠሩት። አሮጌ ከገዛችሁ ከመበየዳችሁ በፊት ፎቶ አንሱት፤ የባለቤቷን ፈቃድ ጠይቃችሁ ስሟን፣ መንደሯንና የአንጥረኛውን ስም ጻፉ። ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ነጋዴ ናችሁና ይሄ ይገባችኋል።

ጓደኛችን የዚያን ሐብል ነገር ዘመዷን ብትጠይቃት «ሻጩ ከገበያ ነው አለኝ» አለቻት። ከዚያ ራሷ አንገት ላይ ያለውን የአያቷን መስቀል እያየን፣ «ይሄንንስ ማን ሠራው?» አልናት። እናቷ ጋ ደወለች። «ቅዳሜ ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ የሚመጣ አንድ አንጥረኛ ነበር፤ ስሙን እታለም ታውቀው ይሆናል» አሉ። እታለምን ጠይቀው እሑድ ሊደውሉ ተቀጣጥረዋል።