ላም አለኝ በሰማይ፣ ባቡር አለኝ በኤላት



ኤላት ስትባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሆቴሉን፣ ባሕሩንና ዕረፍቱን ነው። ስሟን ግን ከሆቴሎቹ በፊት እናውቀዋለን። እስራኤል በምድረ በዳ ሲጓዙ ያለፉባት ኤላት በኦሪት ዘዳግም ተጠቅሳለች፤ ንጉሥ ሰሎሞንም መርከቦቹን ያሠራው በዚያው አካባቢ እንደሆነ በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፏል። እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ግን ስለ ጥንቷ ኤላት አይደለም። ሃምሳ ሺህ ያህል ሰው ስለሚኖርባት፣ ከወገኖቻችንም ቤተሰቦች ስላሉባት፣ ልጆቻችንም ከጦር ሠራዊት ሲሰናበቱ በሆቴል ሊሠሩ ስለሚወርዱባት ኤላት ነው። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ መኪና የሌለው ሰው ወደዚህች ከተማ እንዴት ይደርሳል? ከዚያስ እንዴት ይወጣል?

ነገሩን ከራሴ ቤት ልጀምር። ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው አክስቴ ኤላት ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ለዓይናቸው ሕመም ቤር ሼቫ ስፔሻሊስት ዘንድ ቀጠሮ ተሰጣቸው፤ አራት ወር የተጠበቀ ቀጠሮ ነው። ልጃቸው ከሥራ መቅረት ስላልቻለች እኔ ላደርሳቸው በዋዜማው ወረድኩ። ጎሕ ሳይቀድ አውቶቡስ ጣቢያ ደረስን። አውቶቡሱ ግን በወታደሮችና ከዕረፍት በሚመለሱ ሰዎች ሞልቷል። ሹፌሩ «ቦታ አስቀድማችሁ በስልክ መተግበሪያ መያዝ ነበረባችሁ» አለን። ሹፌሩን አልወቅስም፤ የታዘዘውን ነው የነገረን። አክስቴ ግን ፈገግ ብለው «ልጄ፣ እኔ ከወገራ ተነሥቼ ሱዳን በእግሬ ስገባ ቦታ ያዢ ያለኝ ሰው አልነበረም» አሉኝ። እሳቸው ሳቁ፤ እኔ መሳቅ አልቻልኩም። በቀጣዩ አውቶቡስ ስንደርስ ቀጠሮው አልፏል። አዲስ ቀጠሮ የተሰጠው ከሦስት ወር በኋላ ነበር።

«የአንድ ሰው አጋጣሚ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ከኤላት እስከ ቤር ሼቫ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እስከ ቴል አቪቭ ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በኤላት ያለው የዮሴፍታል ሆስፒታል ትንሽ ነው፤ ከባድ ሕመም የያዘው ሰው ሶሮካ ድረስ መሄድ አለበት። ስለዚህ በማዕከላዊው የአገሪቱ ክፍል ለሚኖር ሰው መንገድ ማለት ጉዞ ነው፤ ለኤላት ሰው ግን መንገድ ማለት ሐኪም ማለት ነው።

የኤላት የባሕር በር በሌሎች እጅ ሲዘጋ አይተናል። በግንቦት ወር 1967 ግብፅ የቲራንን መተላለፊያ ዘጋች፤ ጦርነትም ተከተለ። ከኅዳር 2023 ጀምሮ ደግሞ የየመን ሑቲዎች በቀይ ባሕር መርከቦችን ስላጠቁ፣ ከውጭ የሚመጡ መኪናዎች ይራገፉበት የነበረው ወደብ ሥራ ፈታ፤ በ2024 የወደቡ ኃላፊ ወደቡ መክሰሩን ለክነሴት ኮሚቴ ተናገሩ። ይህን ያደረገ ጠላት ነው፤ የሚመለከተውም የጦር ኃይልን ነው። የየብሱን በር ግን ማን ዘጋብን? የሚያጠቃን የሌለበትን መንገድ ለማስተካከል የማንን ፈቃድ እንጠብቃለን?

እኛ የቤተ እስራኤል ልጆች ይህን መጠየቅ ይገባናል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከወገኖቻችን የተወሰኑት በሌሊት ከሱዳን ጠረፍ በእስራኤል የባሕር ኃይል መርከብ ተጭነው በዚሁ በቀይ ባሕር መጥተዋል። ያን ጊዜ ይህ መንግሥት በጠላት ጠረፍ፣ በጨለማ መርከብ ማቅረብ ችሏል። ዛሬ በገዛ ምድሩ፣ በቀን ብርሃን፣ አንዲትን ባልቴት ሐኪም ዘንድ በሰዓቱ የሚያደርስ የአውቶቡስ መቀመጫ ማቅረብ እንዴት ያቅተዋል?

«ባቡር ይመጣል» ይሉናል። በየካቲት 2012 መንግሥት ወደ ኤላት የሚዘረጋ የባቡር ሐዲድ ዕቅድ አጸደቀ። በ2023 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ ከቂርያት ሽሞና እስከ ኤላት ስለሚሮጥ ፈጣን ባቡር በይፋ ተናገሩ። የመንገደኛው ባቡር ግን ወደ ኤላት አቅጣጫ ከዲሞና አላለፈም። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። በሰማይ ያለችው ላም ባታጠግብም አትጎዳም ነበር። ጉዳቱ የሚመጣው በምድር ያለችውን ላም ሣር ስትከለክል ነው። እኔ በተገኘሁበት አንድ ስብሰባ ላይ አውቶቡስ እንዲጨመር ሲጠየቅ፣ አንድ ባለሥልጣን የሰጡት መልስ ስለ ባቡሩ ነበር። እስከዚያው በሽተኛው ምን ያድርግ ተብሎ ሲጠየቁ መልስ አልነበራቸውም።

በአየር የሚሄደውስ? እስከ መጋቢት 2019 ድረስ አውሮፕላኑ ያርፍ የነበረው በከተማዋ መካከል ነበር፤ ሰው ሻንጣውን ይዞ በእግሩ ቤቱ ይገባል። አሁን የሚያርፈው 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በተሠራው በራሞን አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የድሮው ማረፊያ ከተማዋን ይከፍላት፣ ሕዝቡንም በጩኸት ያስቸግር ነበርና መነሣቱን አልቃወምም። ነገር ግን በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በቴል አቪቭ የነበረው የስዴ ዶቭ ማረፊያም ተዘጋ። በአንድ ዓመት ውስጥ መንገዱ ከሁለቱም ጫፍ ረዘመ ማለት ነው። ይህን ርዝመት ታክሲ የሚከፍል እንግዳ አያስተውለውም፤ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ግን ያውቀዋል።

የመኪናውም መንገድ የሚያስመካ አይደለም። የዓራባው 90 ቁጥር መንገድ በብዙ ቦታ ለሄያጅም ለመጪም አንድ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ ከባድ መኪናም አውቶቡስም የቤት መኪናም በዚያው ይጋፋሉ። ከኤላት በስተሰሜን በ12 ቁጥር መንገድ ደግሞ በታኅሣሥ 2008 ከሩሲያ የመጡ እንግዶችን የጫነ አውቶቡስ ገደል ገብቶ ከ20 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

በከተማዋ ውስጥም ችግሩ አለ። ሆቴሎቹ ከባሕሩ ዳር ናቸው፤ የሠራተኛው ቤት ግን ከላይ ከተራራው ጥግ ባሉት ሰፈሮች ነው። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የማታ ፈረቃውን ጨርሶ እኩለ ሌሊት የሚወጣ ልጃችን ወይ ዳገቱን በእግሩ ይወጣል፣ ወይ የደከመበትን ገንዘብ ለታክሲ ይሰጣል።

«ኤላት ሩቅ ናት፣ ሕዝቧም ጥቂት ነው፤ አውቶቡስ መጨመር አያዋጣም» ለሚሉት ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛ፣ መንግሥት ራሱ በ1985 ባወጣው ሕግ ኤላትን ነፃ የንግድ ቀጠና አድርጎ ማዓም፣ ማለትም የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ እንዳይከፈልባት ወስኗል። ለምን? ሩቅ ስለሆነች ነው። ሩቅነቷን በግብር የሚክስ መንግሥት በመንገድ ለምን አይክስም? ሁለተኛ፣ በጥቅምት 2023 ከስዴሮትና ከጋዛ ዙሪያ የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የተጠለሉት በኤላት ሆቴሎች ነው። በጭንቅ ቀን ቅርብ የሆነች ከተማ በደኅና ቀን ሩቅ ናት ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

እንግዲህ የምንጠይቀው ተአምር አይደለም። በየአውቶቡሱ የሐኪም ቀጠሮ ለያዘ ሰው ጥቂት መቀመጫ ይጠበቅ። ቦታ ማስያዝ በመተግበሪያ ብቻ አይሁን፤ በአማርኛም በሩሲያኛም በሚያናግር ሰው በኩል በስልክ ይቻል። የኤላቱ አውቶቡስ ቤር ሼቫ ሲደርስ ከባቡሩ ሰዓት ጋር ይገናኝ። በኤላት ውስጥ የመጨረሻው አውቶቡስ የሆቴል ፈረቃ ከማለቁ በፊት አይግባ። የዓራባው መንገድ ማስፋፋትም ይፈጸም። እነዚህ ሁሉ ባቡር እስኪመጣ መቆየት የለባቸውም።

እኛም ከወቀሳ አናመልጥም። ስንቶቻችን ነን ለእናታችን፣ ለአክስታችን፣ ለጎረቤታችን ሽማግሌ በስልካችን ቦታ ለመያዝ አምስት ደቂቃ የምንሰጥ? እኔ ራሴ ያን ቀን ከመሄዴ በፊት አልጠየቅሁም፤ ጥፋቱ የእኔም ነው። ስንቶቻችንስ ነን አቤቱታችንን በቡና ላይ አውርተን በጽሑፍ ሳናስገባ የምንቀር? በማኅበራችን ቢሮ ፊርማ የሚሰበሰብበት ወረቀት ይቀመጥ። ኤላት ዘመድ ያለውም የሌለውም ይፈርም።

የአክስቴ አዲሱ ቀጠሮ ደርሷል። ቦታቸውን ይዤላቸዋለሁ። «ይኼ ባቡር የምትሉት መቼ ነው የሚመጣ?» ብለው ጠየቁኝ። «እማማ፣ ለጊዜው አውቶቡሱ እንዳያመልጠን» አልኳቸው።