ውሃው በ92 ዲግሪ ሲፈላ

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ውሃ ተጥዶ ሲንተከተክ ደህና ቴርሞሜትር ቢነከርበት፣ ንባቡ 92 አካባቢ ሲደርስ ይቆማል። እሳቱ ቢጨመር ውሃው ቶሎ ተኖ ያልቃል እንጂ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። መማሪያ መጽሐፉ ግን 100 ይላል። ተማሪው በዓይኑ ያየውንና በቃሉ የያዘውን ማስታረቅ ሲያቅተው ብዙውን ጊዜ የሚሸነፈው ዓይኑ ነው። ደብተሩ ላይ 100 ይጻፋል፤ ቢበዛ «የመሣሪያ ስህተት» የምትል ሐረግ ትታከልበታለች።

መሣሪያው አልተሳሳተም። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር ሲስተካከል ነውና እዚህ ቀድሞ ይፈላል። ድሬዳዋ ላይ 96 አካባቢ፣ ደብረ ብርሃን ላይ 91 አካባቢ፣ ከባሕር ወለል በታች በሚገኘው ዳሎል ደግሞ ከ100 ጥቂት አልፎ ይፈላል። ያ ተማሪ ከዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ «የጥናት ርዕስ አምጣ» ሲባል ግራ ይጋባል። ደብተሩ ላይ የሰረዛት የስምንት ዲግሪ ልዩነት ግን ርዕስ ነበረች።

የዚህ ዓምድ መነሻ ይኸው ነው። በየዓመቱ ርዕስ የሚመረጥበት ሰሞን ሲደርስ የፊዚክስ ተማሪዎች ይዘዋቸው የሚመጡት ርዕሶች ይመሳሰላሉ፦ ጥቁር ጉድጓድ፣ ኳንተም ኮምፒውተር፣ ጨለማ ቁስ፣ የፀሐይ ኃይል ጥቅም። ፍላጎቱ የሚደነቅ ነው፤ ወጣት ሰው ሰማይ ሰማይ ቢያይ አይፈረድበትም። ነገር ግን «ስለ ጥቁር ጉድጓድ» የሚለው ርዕስ የመጽሐፍ ምዕራፍ ነው፤ ጥያቄ የለበትም። ጥያቄ ከሌለበት ደግሞ ተማሪው የሚሠራው ሌሎች የጻፉትን ማሳጠር ብቻ ይሆናል። አሁን አሁን ይህን ማሳጠር ሰው ሠራሽ አስተውሎት በደቂቃ ይጨርሰዋል። ርዕስ እንዲያወጣለት የሚጠይቀው ተማሪም ከጎኑ የተቀመጠው ጓደኛው የተሰጠውን ዓይነት ርዕስ ይዞ ይመለሳል። ኮምፒውተሩ ያ ተማሪ ቤት ውስጥ ምን እንዳለ፣ ምን አይቶ እንደተገረመ ሊያውቅ አይችልም።

የተገረመ ተማሪ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ለማየት ከዚሁ ከምሥራቅ አፍሪካ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1963 ኤራስቶ ምፔምባ የተባለ ልጅ በዛሬዋ ታንዛኒያ በማጋምባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይማር ነበር። ልጆቹ አይስክሬም የሚሠሩት ወተት አፍልተው፣ ከስኳር ጋር ቀላቅለውና አቀዝቅዘው ነው። የማቀዝቀዣው ቦታ ጠባብ በመሆኑ ሽሚያ ነበር። አንድ ቀን ምፔምባ ቦታው እንዳያመልጠው ሲል ወተቱን ከነትኩሳቱ አስገባው። ተመልሶ ሲያይ የእሱ ረግቶ በረዶ ሆኗል፤ ሳይፈላ የገባው የጓደኛው ግን ገና አልረጋም። የፊዚክስ መምህሩን ሲጠይቅ «ተምታቶብህ ነው» ተባለ።

ምፔምባ ጥያቄውን አልጣለውም። ወደ ሌላ ትምህርት ቤት አልፎ ኢሪንጋ ከተማ ሲማር የዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የፊዚክስ መምህር የነበሩት ዴኒስ ኦዝቦርን ለንግግር መጡ። ልጁ ተነሥቶ ጠየቃቸው፦ እኩል መጠን ያለው ውሃ በሁለት ዕቃ፣ አንዱ በ35 ሌላው በ100 ዲግሪ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲገባ የ100 ዲግሪው ለምን ቀድሞ ይረጋል? ክፍሉ ሳቀ። ኦዝቦርን ግን አልሳቁም። ዳሬሰላም ተመልሰው ነገሩ በላብራቶሪ እንዲሞከር አደረጉ። የሙከራው ውጤት እ.ኤ.አ. በ1969 ፊዚክስ ኤጁኬሽን በተባለው መጽሔት ላይ በሁለቱም ስም ታተመ። ክስተቱ ዛሬ የምፔምባ ውጤት ተብሎ ይጠራል፤ ምፔምባ ራሱ በኋላ የተማረው የዱር እንስሳት አያያዝ ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ ለርዕስ መራጭ ይበልጥ የሚጠቅመው እንዲያውም ቀጥሎ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሄንሪ በሪጅና ፖል ሊንደን የተባሉ ተመራማሪዎች ሙከራውን በጥንቃቄ ደግመው ውጤቱን ሊያገኙት አልቻሉም። ቴርሞሜትሩ የሚቀመጥበት ከፍታ በአንድ ሴንቲሜትር ቢለያይ ብቻ ሐሰተኛ «ውጤት» ሊታይ እንደሚችልም አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ካናዳ ውስጥ አቪናሽ ኩማርና ጆን ቤክሆፈር ውሃውን ትተው፣ በፈሳሽ ውስጥ ያለች እጅግ ደቃቅ ቅንጣት ላይ ተመሳሳይ ባሕርይ መኖሩን ኔቸር መጽሔት ላይ አወጡ። የአይስክሬም ጥያቄ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶም አላረጀም። በትክክል የተመዘገበ «አልሆነልኝም» የሚል ውጤትም ሙሉ የጥናት ሥራ ነው። ብዙ ተማሪዎች ይህን ባለማወቅ ውጤት ሲያጡ ቁጥር ያስተካክላሉ፤ በዚህ ጸሐፊ እምነት ከደካማ ርዕስ ይልቅ ፊዚክስን የሚጎዳው ይህ ልማድ ነው።

እንግዲህ ርዕስ የሚባለው ምን ዓይነት ነው? «የፀሐይ ኃይል በኢትዮጵያ» ሰፊ ሜዳ ነው፤ ተማሪ ገብቶበት ይጠፋል። «በበጋ ወር ጣሪያ ላይ ያለ ፓኔል ሳይወለወል ሁለት ሳምንት ቢቆይ ከሚሰጠው ኃይል ስንት በመቶ ይቀንሳል?» የሚለው ግን ሁለት ተመሳሳይ ትንንሽ ፓኔሎች፣ አንድ መልቲሜትርና ትዕግሥት ይበቃዋል። አንዱ ፓኔል በየቀኑ ይወለወላል፤ ሌላው አይነካም። መልሱ አስቀድሞ አይታወቅም፤ ተማሪው ሊሳሳት ይችላል፤ መሳሳቱንም የሚነግረው ቁጥር አለ። አማካሪዎች ፕሮፖዛል ሲያዩ አስቀድመው ሊፈልጉ የሚገባው ይህን ነው፦ ምን ይለካል፣ በምን ይለካል፣ መልሱ ምን ቢሆን ግምቱ ፈረሰ ይባላል?

ሌላ ምሳሌ ከክር አይዘልም። የምድር ስበት ፍጥነት ጭማሪ 9.81 ነው ተብሎ ይሸመደዳል። አዲስ አበባ ግን ለምድር ወገብ ትቀርባለች፤ ከፍታ ላይም ናት፤ በመሆኑም እዚህ ያለው 9.78 ገደማ ነው። የአንድ ሜትር ፔንዱለም አንዴ ሄዶ ለመመለስ ሁለት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ዙር የሰከንድ ሦስት ሺህኛ፣ በ100 ዙር 0.3 ሰከንድ ብቻ ነው። ሰው የሰዓት ቁልፍ ሲጫን የሚዘገየውም ከዚህ እምብዛም አያንስም። ታዲያ ተማሪው ልዩነቱን ለመያዝ ስንት ዙር መቁጠር አለበት? የክሩን ርዝመት በሚሊሜትር እንዴት ይለካል? ክሩ ራሱ በሸክሙ ቢለጠጥስ? ርዕሱ የአሥረኛ ክፍል ይመስላል፤ የስህተት ትንተናው ግን ተመራቂን ያላብሳል።

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንደሚባለው፣ ወጥ ቤት ውስጥ ያለው ፊዚክስ እስካሁን የሚገባውን ክብር አላገኘም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይወስዳል። በጀርባው የተቀመጠው ሽቦ ሲግል ሙቀቱ መጀመሪያ ሸክላውን ማቋረጥ አለበት፤ ሸክላ ደግሞ ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም። ምጣዱ እስኪግል የሚጠፋው ጊዜ፣ የመጀመሪያው እንጀራ እንደ አሥረኛው አለመሆኑ፣ አክንባሎው ሲከደን የሚቀረው እንፋሎት፣ ሁሉም የሚለካ ነገር ነው። የሸክላው ውፍረት በግማሽ ሴንቲሜትር ቢቀንስ የሚቆጠበው ኃይል ስንት ነው? ቢሰነጠቅስ? እናትና እህት የሚያውቁትን ተማሪው በቁጥር ቢያረጋግጠው ወይም ቢያስተባብለው በየቤቱ የሚመነዘር ውጤት ይሆናል። የእንጀራ ዓይንም እንዲሁ ነው፦ ከሊጡ የሚወጣው ጋዝ ዓይኑን ሲፈጥር የሊጡ ቅጥነትና የምጣዱ ሙቀት የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። በዚያው ጎን ንፍሮ ደብረ ብርሃንና ድሬዳዋ ላይ እኩል ጊዜ እንደማይፈጅበት ማሳየት ይቻላል፤ ያቺ የተሰረዘች የስምንት ዲግሪ ልዩነትም በዚህ በኩል ትመለሳለች።

ከቤት ወጣ ሲባል ደግሞ መሬቱ ራሱ ጠያቂ ይፈልጋል። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው ምድሪቱ ደጋግማ ተንቀጠቀጠች። በታኅሣሥ መጨረሻ መጠኑ ከ5.5 በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሡ። አዲስ አበባም ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ምድር ቤት ካሉት ይበልጥ ሲወዛወዙ ይሰማቸው ነበር። እያንዳንዱ ሕንፃ የራሱ የመወዛወዣ ጊዜ አለው፤ መሐንዲሶች ለግምት ያህል በአንድ ወለል አንድ አሥረኛ ሰከንድ ይሉታል። ታዲያ ባለ አራት ፎቁ ኮንዶሚኒየም በእርግጥ ግማሽ ሰከንድ አካባቢ ነው? ተማሪ ስልክ ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ በጀርመኑ የአኸን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 በነፃ የተለቀቀው ፋይፎክስ የተባለ መተግበሪያ የስልኩን የፍጥነት ለውጥ መለኪያ በግራፍ ያሳያል። ሆኖም የስልክ መለኪያ ትንንሽ ንዝረትን ከራሱ ጫጫታ መለየት ይቸግረዋል። ስለዚህ ሐቀኛው ርዕስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳል፦ ይህ ስልክ የሚይዘው ትንሹ ንዝረት ምን ያህል ነው? ይህን ያልመለሰ ተማሪ ስለ ሕንፃው የሚናገረው ሁሉ መሠረት የለውም።

አገሪቱ በዚህ መስክ ባዶ እጇን አይደለችም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ አባ ፒየር ጉዋን የተባሉት ካናዳዊ ኢየሱሳዊ እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመውን የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ያጠናቀሩት ከዚያ ሥራ ተነሥተው ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብም በኢትዮጵያ በኩል ያልፋል፤ ነጻ የተንጠለጠለ የመግነጢስ መርፌ እዚህ አገር አግድም ሊሆን ምንም አይቀረው። አውሮፓ ውስጥ የሚማር ተማሪ ይህን በከተማው ማየት አይችልም።

ይህ ሁሉ ሲባል ንድፈ ሐሳብ ይቅር ማለት አይደለም። መሣሪያ በሌለበት ወረቀትና ኮምፒውተር ያለው ተማሪ ወደ ስሌት ቢያዘነብል ተገቢ ነው። ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ ተማሪዎችን ያሠለጠኑት በስታቲስቲካል ፊዚክስ ነው፤ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች በሙቀት ልዩነት እንዴት ሥራ ሊሠሩ እንደሚችሉ ከሚያጠኑት አንዱ ናቸው። በደርግ ዘመን የታሰሩት እኚህ ምሁር ለሰብአዊ መብትና ለትምህርት ነፃነት ባደረጉት ተጋድሎ እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር የሳካሮቭ ሽልማት ተጋሪ ሆነዋል። በንድፈ ሐሳብም ቢሆን መለኪያው አንድ ነው፦ የሚለወጠው ተለዋዋጭ አንድና ግልጽ ይሁን፤ ውጤቱም ከታወቀ መልስ ጋር የሚመሳከርበት ጫፍ ይኑረው። የአምናው ተማሪ የሠራውን እኩልታ ቁጥር ብቻ ለውጦ ማቅረብ ግን ሁለቱንም አያሟላም።

ሸክሙን ሁሉ ተማሪው ላይ መጫንም ፍትሕ አይደለም። አማካሪው የሚያማክራቸው ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ ጊዜው አጭር ነው፤ ላብራቶሪው ተቆልፎ ሊሰነብት ይችላል። በዚህ መካከል ምጣድ ልለካ የሚል ተማሪ ሲመጣ «ይህ ለመመረቂያ አይመጥንም» ብሎ መመለስ ይቀላል። ግን ኦዝቦርን የምፔምባን ጥያቄ ሲሰሙ መልሱን አያውቁትም ነበር፤ የጠየቃቸውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ያደረጉት ሁለት ዕቃ ውሃ ማስቀዝቀዝ ብቻ ነበር። ይህን ማድረግ የሚችል አማካሪ በየዩኒቨርሲቲው አለ፤ የሚያስፈልገው ርዕሱን የሚገመግመው ኮሚቴ ከስሙ ግዝፈት ይልቅ ጥያቄውን እንዲያይለት ነው።

ለመነሻ ያህል አንድ ሥራ በነፃ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። በየዓመቱ ሚያዝያ 5 አካባቢ ፀሐይ በአዲስ አበባ ላይ በትክክል አናት ላይ ትውላለች፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ጥላ ያጣል። በዚያው ሰዓት መቀሌ ላይ የቆመ የአንድ ሜትር ዘንግ 8 ሴንቲሜትር የማይሞላ ጥላ ይጥላል። ሁለት ተማሪዎች በስልክ ተቀጣጥረው ሁለቱን ጥላዎች ቢለኩ፣ የሁለቱን ከተሞች የሰሜን ደቡብ ርቀት 500 ኪሎሜትር ያህል አድርገው ከካርታ ቢወስዱ፣ የምድርን ዙሪያ ማስላት ይችላሉ። 40,000 ኪሎሜትር አካባቢ ካልመጣላቸው ስህተቱ ከየት እንደገባ የሚፈልጉበት ቀሪ ሴሚስተር አላቸው። ዕድሉ ነሐሴ 23 አካባቢም ይደገማል፤ ያን ጊዜ ግን ደመና ስለማይታመን የሚያዝያው ይሻላል።