ጫጩት ከመልቀቅ በፊት

ሐይቅ በሚባለው የወሎ ሐይቅ ዳርቻ ዛሬ ተጠብሶ የሚቀርበው ዓሣ፣ ቆሮሶ፣ የዚያ ውሃ ተወላጅ አይደለም። ወደ ሐይቁ የገባው እ.ኤ.አ. በ1978 በሰው እጅ ተለቅቆ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም የትምህርት ማዕከል ካደረጉት ጊዜ አንሥቶ ለ700 ዓመት ያህል ገዳሙ አጠገብ ያለው ውሃ ቆሮሶ አልነበረበትም። ዛሬ ግን በተሁለደሬ ወረዳ ዓሣ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው። አስጋሪው ሲመሽ መረቡን የሚጥለው ለእሱ ነው፤ ነጋዴው ጠዋት ወደ ደሴ የሚጭነውም እሱን ነው።

ዓሣው ለምዷል፣ ተባዝቷል፣ የብዙ ቤት እንጀራ ሆኗል። ስለ እሱ የሚነሣው ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስንት ኩንታል ተሰገረ ከሚለው አያልፍም። ከብዛቱ እኩል መጠየቅ ያለበት የዘሩ ነገር ነው፤ በውሃው ውስጥ ያለው መንጋ የስንት እናትና የስንት አባት ልጅ ነው? የመንጋ ዘረመል የሚባለው የሳይንስ ዘርፍ ሥራው ይኸው ነው። በአንድ ውሃ ያሉ ዓሦች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚለያዩ፣ ከሌላ ውሃ ዓሦችስ ምን ያህል እንደራቁ፣ ይህ ልዩነት ከትውልድ ወደ ትውልድ እየሰፋ ወይስ እየጠበበ እንደሆነ ይመረምራል።

የወሎ ገበሬ ነገሩን በማሽላ ያውቀዋል። በአንድ ማሳ ላይ ወተት በጉንጬ የሚባለው የማሽላ ዓይነት ከሌሎች ዓይነቶች ጋር ተቀላቅሎ ይበቅላል። ከአውድማው አንድ እፍኝ የዘገነ ሰው ማሽላ ይዟል እንጂ የማሳውን ዘር ሁሉ አልያዘም። በብዛት ያለው ዓይነት እፍኙ ውስጥ ይገኛል፤ ጥቂት የነበረው ግን ሳይዘገን ሊቀር ይችላል። ያ እፍኝ ተዘርቶ መቶ ኩንታል ቢያፈራ እንኳ የቀረው ዘር አይመለስም። ከአንድ ውሃ ተጨልፈው ወደ ሌላ የሚዛወሩ የዓሣ ጫጩቶችም እንደዚያ እፍኝ ናቸው። ጫጩቶቹ በሺህ ቢቆጠሩም ወላጆቻቸው ጥቂት ከሆኑ ይዘው የሚሄዱት የጥቂቶችን ዘር ብቻ ነው።

የቆሮሶ የአራባብ ጠባይ ነገሩን ያከብደዋል። በመራቢያ ወቅት ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ አሸዋውን በአፉ እየቆፈረ ሳህን የመሰለ ጎድጓዳ ጎጆ ያበጃል፤ ሌሎች ወንዶች እንዳይጠጉም ያባርራል። ሴቷ እዚያ እንቁላሏን ጥላ ወዲያው በአፏ ትሰበስበዋለች። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው መዋኘት እስኪችሉ ድረስ ለሁለት ሳምንት ገደማ አፏን እንደ ማኅፀን አድርጋ ትይዛቸዋለች፤ በዚያ ጊዜ ምግብ እምብዛም አትቀምስም። አደጋ ሲመጣም ጫጩቶቹ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። እናት እንዲህ የምትለፋበት ዓሣ በጠባብ ኩሬ ውስጥ ሲራባ ጉልበተኛው ወንድ የአብዛኞቹ ጫጩቶች አባት ይሆናል። ሌሎቹ ወንዶች በቁጥር አሉ፤ በዘር ግን የሉም።

ለዚህም ነው ባለሙያዎች የዓሦቹን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ውጤታማ የወላጅ ቁጥር የሚሉትን የሚያሰሉት። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የወንዶችና የሴቶች ቁጥር ተባዝቶ፣ እንደገና በ4 ተባዝቶ፣ ለድምራቸው ይካፈላል። በአንድ ኩሬ 2 ወንድና 20 ሴት ቢራቡ ዓሦቹ 22 ናቸው፤ ውጤታማ የወላጅ ቁጥራቸው ግን ከ7 ትንሽ ብቻ ይበልጣል። በዚህ መጠን የሚራባ መንጋ በየትውልዱ ካለው የዘር ልዩነት 7 በመቶ ያህሉን ያጣል፤ በ10 ትውልድ ግማሹ ይሄዳል። ቁጥሩ 50 ቢሆን ኪሳራው በየትውልዱ 1 በመቶ ብቻ ነበር፤ በጥበቃ ሥራ 50 እንደ ዝቅተኛ መነሻ ሲጠቀስ የኖረውም በዚህ ምክንያት ነው። ጫጩቶቹ ሰፊ ውሃ አግኝተው ቶሎ ከበዙ መመናመኑ እዚያው ይቆማል። ከመለቀቃቸው በፊት ኩሬው ውስጥ የቀረውን ግን ሰፊ ውሃ አይመልሰውም።

የዘር ልዩነት ለዓሣ የክፉ ቀን ስንቅ ነው። የሐይቅ ውሃ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል፤ የታችኛው ክፍሉ ኦክስጅን የለውም። በብርድ ወራት የላዩ ውሃ ቀዝቅዞ ሲከብድና ነፋስ ሲያማታው የታችኛው ወደ ላይ ይወጣና ዓሣውን ያፍነዋል። አዲስ በሽታም ሊመጣ ይችላል። ከመንጋው መካከል ፈተናውን የሚችሉ የተለያዩ ዓሦች ካሉ የተወሰኑት ይተርፋሉ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆኑ አብረው ይወድቃሉ።

ቆሮሶ ደግሞ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ዘሩ አንድ አይደለም። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ሰይፉ ስዩም ከኢርቭ ኮርንፊልድ ጋር የዓሣውን የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ሥራ የጣና ቆሮሶ ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ መሆኑን ገልጸው በጣና ስም ሰይመውታል። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና የአዋሽ ቆሮሶ ሌላ ንዑስ ዝርያ ነው። በአዋሽ ፍል ውሃዎች የሚኖረው ደግሞ ሌላ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙም ፊሎአ ተብሏል። ይህ ሁሉ በአንድ አገር ውስጥ ያለ ሀብት ነው። ስለዚህ «የቆሮሶ ጫጩት» የሚለው መጠሪያ ብቻውን በቂ አይደለም፤ የጣና ነው፣ የዝዋይ ነው ወይስ የአዋሽ ተብሎ መለየት አለበት። የአንዱ ውሃ ዓሣ ከሌላው ጋር ሲደባለቅ ሁለቱም ይራባሉ፣ ይዳቀላሉም፤ በሺህ ዓመታት የተለየው ዘር በጥቂት ትውልድ ይዋሃዳል።

በዓለም ገበያ ትልቅ ስም ያለው የተሻሻለ የቆሮሶ ዘር እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በፊሊፒንስ ሲዳቀል ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል የተወሰዱ የዱር ዓሦች ተቀላቅለውበታል። የዱር ቆሮሶ እንዲህ ውድ ዕቃ ነው። የኢትዮጵያ ውሃዎች የያዙት ዘር ገና ሳይነካ የተቀመጠ ሀብት በመሆኑ፣ ሳይመዘገብ በግዴለሽነት እንዲደባለቅ መተው ትልቅ ጥፋት ነው።

ጉዳዩ በሐይቅ ብቻ አይወሰንም። ከእሱ ከፍ ብሎ የሚገኘው የአርዲቦ ሐይቅ ውሃ በአንከርካ ወንዝ በኩል ወደ ሐይቅ ይወርዳል። በላይኛው የተለቀቀ ዓሣ ለታችኛውም እንደተለቀቀ ነው የሚቆጠረው፤ ካርፕ የሚባለው ዓሣም በሁለቱም ውሃዎች ይገኛል። ሐይቅ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ ስለሌለው የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የውሃው ጥራት 9 ሜትር ወደ ታች የሚያሳይ ነበር፤ ከ20 ዓመት በኋላ ወደ 1 ሜትር ገደማ ወርዶ ሲገኝ ተመራማሪዎች ለውጡን ከቆሮሶው መለቀቅ ጋር አያይዘውታል። ዓሣው ውሃውን አጥርተው የሚይዙትን ደቃቅ እንስሳት ሲመገብ አልጌው ያለ ተቆጣጣሪ ይበዛልና።

ሐይቆቹ ስለሚታዩ ይወራላቸዋል። ወንዞቹ ግን ተዘንግተዋል። የደሴ ተራራ ውሃ ይከፍላል፤ በምዕራብ በኩል በኩታበር አቅጣጫ የሚወርደው ወደ በሽሎ ከዚያም ወደ ዓባይ ይሄዳል፣ በምሥራቅ በኩል ቦርከና ደሴን አቋርጦ በዶሮ መዝለያ ወደ ኮምቦልቻ ይወርድና ጨፋን አልፎ ወደ አዋሽ ያመራል። በሁለቱ ተፋሰሶች ጅረቶች «ጋራ» የሚል ሳይንሳዊ ስም ያላቸው የጣት ርዝመት ያህል ዓሦች ይኖራሉ። ከአፋቸው ሥር ያለውን ክብ መጣበቂያ ድንጋይ ላይ ለጥፈው ጎርፍ ሲመጣ እንኳ ይይዛሉ፤ ድንጋዩ ሲገለበጥ ሥሩ ተጣብቀው ይገኛሉ። ለገበያ አይሆኑም፤ ማንም አይቆጥራቸውም። ሆኖም በኢሉባቦር በሶር ወንዝ የኢትዮጵያና የሩሲያ ተመራማሪዎች በአንድ ወንዝ ብቻ አፋቸውና አመጋገባቸው የተለያየ 6 ዓይነት ጋራ አግኝተዋል። በመልክዓ ምድር የተለየ ጅረት ምን ሊይዝ እንደሚችል ይህ ያሳያል።

ቦርከና ደግሞ በኮምቦልቻ ላይ ይቆረጣል። በከተማው የወንዝ ውሃና ደለል ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ከፋብሪካ ፍሳሽ የሚመጡ ከባድ ብረታ ብረቶችን አግኝተዋል። የተበከለ የወንዝ ክፍል ለዓሣ እንደ ግድብ ነው፤ የላይኛው መንጋ ከታችኛው ጋር መገናኘት ያቆማል። በየትውልዱ ጥቂት ዓሦች ከአንዱ ወደ ሌላው ቢያልፉ የዘር ልዩነቱን ለመጠበቅ ይበቃ ነበር። ያ መንገድ ሲዘጋ የላይኛው ትንሽ መንጋ እርስ በርሱ ብቻ እየተራባ ይዳከማል።

በጣና የደረሰው ለማስጠንቀቂያ ይበቃል። ነጭ ዓሣ የሚባሉትና በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙት የላቤዮባርበስ ዝርያዎች በክረምት ሊራቡ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ሲወጡ በወንዞቹ አፍ ተጠብቀው ስለሚሰገሩ፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ብዛታቸው በ75 በመቶ ቀንሷል።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ ሰበታ ላይ ብሔራዊ የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ፤ ደሴ ላይም ዩኒቨርሲቲ አለ። የሚቀረው ሥራ ውድ አይደለም። ከእያንዳንዱ ዓሣ ክንፍ የጥፍር ያህል ጫፍ ተቆርጦ በአልኮል በተሞላ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል፤ ዓሣው ወደ ውሃው ይመለሳል። ከሐይቅ፣ ከአርዲቦ፣ ከቦርከና ላይኛውና ታችኛው ክፍል፣ ከኩታበር ጅረቶች ከእያንዳንዳቸው 30 ወይም 50 ናሙና ቢሰበሰብ የዘር ካርታው መሠረት ይኖረዋል። ጫጩት የሚያራቡ ኩሬዎችም ወንዶቹን በየጊዜው እየለዋወጡ ከሴቶቹ ጋር ቁጥራቸውን ማቀራረብ አለባቸው። ጫጩት የያዘ በርሜል ወደ ሐይቅ ወይም ወደ አርዲቦ ሲጓዝ አብሮት አንድ ወረቀት ይጓዝ፤ ወላጆቹ ከየትኛው ውሃ እንደመጡ፣ ወንዶቹ ስንት፣ ሴቶቹ ስንት እንደነበሩ፣ በስንተኛው ትውልድ እንደተራቡ የተጻፈበት።