የማይጮኸውን ሴሽን ፍሩ

ዳታቤዝ በአደራ የያዛችሁ የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፣ በዘመኔ ብዙ ቤት ሲያናጋ ያየሁት ቸልታ ዛሬ በመካከላችን እንደ ደንብ ተቆጥሮ ሳይ ልቤ ይከብደዋል። ሲፒዩው ቀዝቅዞ፣ ዲስኩም አርፎ ስታዩ ሰላም ነው ብላችሁ ታድራላችሁ፤ ሎክ የሚጠብቅ ኩዌሪ ግን ሲፒዩ አይበላም፣ ስህተትም አያስመዘግብም፤ ደንበኛ እስኪደውል ድረስ ጸጥ ብሎ ይቆማል እንጂ።

በፖስትግሬስ ነገሩ እንዴት እንደሚጀምር ልብ በሉ። አንዱ ትራንዛክሽን ከፍቶ ከደንበኞች ቴብል ጥቂት ረድፍ ያነብና፣ ኮሚትም ሮልባክም ሳይል ለምሳ ይነሣል፤ ሴሽኑም ሥራ ፈትቶ፣ ሎኩን ግን እንደያዘ ይቀራል። ሌላው መጥቶ በዚያው ቴብል ላይ አንድ ኮለም ልጨምር ሲል ትእዛዙ የፊተኛውን ይጠብቃል፤ ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ሁሉ፣ ማንንም የማይጎዳው ተራ ሰሌክት ሳይቀር፣ ከእሱ ኋላ ይሰለፋል። መቼቱ ያልተነካ ሰርቨር የሚቀበለው እስከ 100 ኮኔክሽን ነውና፣ ሰልፉ ሲሞላ አዲስ መጪ ከደጅ ይመለሳል። የጻፈ ትራንዛክሽን ሳይዘጋ ሲሰነብት ደግሞ ቫኪዩም የሞቱትን ረድፎች ማጽዳት ያቅተዋል፤ ቴብሉም ቀን በቀን ያብጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን መድኃኒት ብለን የለመድነው ነው። ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሣት ሰልፉን ይበትናል፤ ማን ማንን እንደያዘ የሚመሰክረውንም አብሮ ያጠፋል። ጥፋቱ ተመልሶ ሲመጣ ምክንያቱን የሚያውቅ አይኖርም፤ አለቆችም ዳታቤዙን ወቅሰው ትልቅ ማሽን ይገዛሉ፤ ያው ሰልፍ በትልቁም ማሽን ላይ ይቆማል።

ጊዜው ገና አላለፈም። እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው 9.6 ስሪት ጀምሮ ፒጂ ስታት አክቲቪቲ እያንዳንዱ ሴሽን ምን እንደሚጠብቅ፣ ፒጂ ብሎኪንግ ፒድስም ማን እንዳገደው ይናገራሉ። ትራንዛክሽን ከፍቶ የተኛን ሴሽን የሚያሰናብተው የጊዜ ገደብም ያኔ መጥቷል፤ እናንተ ካልወሰናችሁት ግን 0 ነው፣ ማንንም አያሰናብትም። እንግዲህ ገደቡን ወስኑ፤ ቴብል ከመለወጣችሁ በፊት ሎክ ታይምአውት አስቀምጡ፤ በሰልፉ መካከል ያለውን ከመግደላችሁ በፊት የሰልፉን ራስ ፈልጉ። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሴሽን ከሆነ ካንስል ሎኩን አያስለቅቀውምና ተርሚኔት አድርጉት፤ የትኛው ፕሮግራም ከፍቶ እንደተወውም ሳታጣሩ፣ ኮዱንም ሳታስተካክሉ አትነሡ። ይህን ዛሬ በጸጥታ ያልሠራ ነገ ደንበኛው በራፉ ላይ ቆሞ ሲጮህ ይሠራዋል።