ልመና ዱላ ሲጨብጥ

ጎጃም ልመናን አያውቅም የሚል ካለ ጎጃምን ራሱን አያውቅም። የቅኔ አገር ነው ከተባለ የቆሎ ተማሪ አገር ነው ማለት ነው፤ የቆሎ ተማሪ ደግሞ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከተለው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ የተማረ ነው። ዛሬ ሊቅ ብለን እጅ የምንነሳቸው ብዙዎቹ መምህራን በሰው ደጃፍ ቆመው ያለፉ ናቸው። ላሊበሎቹም ነበሩ፤ ጎህ ሳይቀድ መጥተው በዜማ ያወድሱና የተሰጣቸውን ተቀብለው፣ መርቀው ይሄዳሉ። በየበዓሉ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር የሚቀመጡት ነዳያንም እንዲሁ ናቸው። ያ ሁሉ ልመና ያልተጻፈ ሕግ ነበረው። ያለው ይሰጣል፤ የሌለው «እግዜር ይስጥልኝ» ካለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ለማኙም ሳይቀየም ወደሚቀጥለው በር ያልፋል።

አሁን የማወራው ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። ከደምበጫ በፍኖተ ሰላም አድርጎ እስከ ቡሬ የተመላለሰ ሰው ያውቀዋል። አውቶቡሱ ገና ሳይቆም እጅ በመስኮት ይገባል። «ወንድሜ፣ ለዳቦ» ተብሎ ይጀመራል። «የለኝም» ስትል «እንዴት የለህም? እጅህ ላይ ያለው ሞባይል ምንድነው?» ይከተላል። «እግዜር ይስጥህ» ብትል «እግዜር ቢሰጠኝማ አንተ ጋ ምን አመጣኝ?» ይልሃል። ሌላው ሻንጣህን ሳትሰጠው መንጭቆ ሃያ እርምጃ ይሸከምና የኩንታል ዋጋ ይጠይቅሃል። ሦስት አራት ሆነው ይከቡሃል፤ አንዱ ይለምናል፣ አንዱ ይራገማል፣ አንዱ ደግሞ ኪስህን በዓይኑ ይለካል። ሴት ከሆንሽማ በቃ፣ ነጠላሽን ይዘው አይለቁሽም። ኧረ ለመሆኑ ይሄ ልመና ነው? እኔ ልመና አልለውም። ቀረጥ ነው፤ ደረሰኝ የሌለው ቀረጥ!

ከፋዩስ ማነው? ባለ ላንድክሩዘሩ እንዳይመስላችሁ። እሱ መስኮቱን ዘግቶ አቧራውን አልብሶን ያልፋል። የሚከፍለው በርበሬውን ሸጦ የታመመ ልጁን ወደ ከተማ ያመጣው ገበሬ ነው። በዚሁ መስመር በአንዱ መናኸሪያ (ስሙን አልጠራም) አንዲት ባልቴት የልጅ ልጃቸውን አዝለው ከገጠር ሲመጡ አይቻለሁ። ለታሪፍ ብለው የመቀነታቸውን ቋጠሮ ሲፈቱ ጎረምሶቹ ከበቧቸው። «እማማ፣ ከዚያችው ቆንጠር ያድርጉልን» አሏቸው። ባልቴቷም «የመድኃኒት ናት ልጆቼ» አሉ፤ ማን ሰምቷቸው! ግማሹ እጃቸው ላይ እንዳለ ሄደ። ሁለት የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች ከጥላው ሥር ሆነው ሻያቸውን ይጠጡ ነበር። አንዱ «ምን ይደረግ፣ ችግር ነው» አለ። እውነት ነው፣ ችግር ነው። የባልቴቷስ ምንድነው፣ ድሎት?

መፍትሔው ምንድነው ሲባል ሁለት ዓይነት መልስ እሰማለሁ። አንደኛው «አፍሶ መጫን ነው» የሚል ነው። ይሄ የቆየ በሽታችን ነው። አዲስ አበባ ላይ ትልቅ ጉባኤ በመጣ ቁጥር የኔ ቢጤው ከመንገድ እየተለቀመ ከዓይን ሲሰወር ኖሯል። እንግዳው ሲሸኝ እሱም ይመለሳል። በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ልመናን በሕግ ለመከልከል ረቂቅ ማዘጋጀቱ ተነግሮም ነበር። ከዚያ በፊትም በ1996 ዓ.ም. የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 ወጥቷል። ይህ አዋጅ የተጠርጣሪውን የዋስ መብት የከለከለ ነው። ሰውዬው ካደረገው ነገር ይልቅ ሥራ የሌለውና መተዳደሪያው የማይታወቅ መሆኑን የሚቆጥር ሕግ ደግሞ ለካድሬ እንዴት እንደሚመች እናውቃለን። ዛሬ በለማኝ የተጀመረ አፈሳ ነገ ጋዜጣ አንባቢው ላይ ይደርሳል። ለዚህ ነው አፈሳን የማልደግፈው።

ሁለተኛው መልስ «ድህነት ነውና ዝም በሉ» የሚለው ነው። አዛኝ ይመስላል እንጂ በድሃው ላይ የሚፈርድ አነጋገር ነው። በዚህ አገር ድሃው ስንት ነው? ከመቶ ሰው አንዱ እንኳ መናኸሪያ ወጥቶ የባልቴት መቀነት አይፈታም። ድህነት ሁሉን ይፈቅዳል ማለት ተርቦ በክብሩ የሚያድረውን ሰው መስደብ ነው።

እንግዲያውስ እንለያያቸው። አንደኞቹ ነዳያን ናቸው፤ የታወሩ፣ የደከሙ፣ አእምሯቸው የተነካ፣ ጧሪ የሌላቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ወላጅ አልባ ሕፃናትን እንዲረዳ ያዝዛል። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፤ ሥራውን ግን እንደ መቄዶንያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ተሸክመውታል። በ2009 ዓ.ም. ገደማ የከተማ ሴፍቲኔት ሲጀመር 604,000 ሰው ይታቀፋል የተባለው በ11 ከተሞች ነበር። ከአማራ ክልል የገባችው ደሴ ብቻ ነበረች። ፕሮግራሙ በኋላ ወደ ሌሎች ከተሞች ቢሰፋም የፍኖተ ሰላሟ ዓይነ ስውር አሮጊት ያኔ ማንም አላስታወሳትም።

ሁለተኞቹ ተፈናቃዮች ናቸው። ከቡሬ ወደ ነቀምቴ የሚወርደው መንገድ አባይን ተሻግሮ ወለጋን ያገናኛል። በዚያው መንገድ ነው ቤቱ የተቃጠለበት፣ ከብቱ የተነዳበት፣ ዘመድ የተገደለበት ሕዝብ ወደ ጎጃም የፈለሰው። ትናንት ጎተራ የነበረው ሰው ዛሬ እጁን ለመዘርጋት ያፍራል። ልብ ብላችሁ እዩት፤ አይጮህም፣ አይጎትትም፤ ልጁን ታቅፎ ዝም ብሎ ይቆማል። በጉልበተኛው ጩኸት የሚሸፈነውም እሱ ነው። በጎረምሳው የተማረረ መንገደኛ ለሱም እጁን ያጥፋል።

ሦስተኞቹ ጉልበተኞቹ ናቸው። እነሱስ ከሰማይ ወረዱ? በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ድልድል ሲካሄድ «ቢሮክራት» እና «የፊውዳል ርዝራዥ» የሚል ታፔላ የተለጠፈበት ገበሬ አራት ጥማድ፣ ማለትም አንድ ሄክታር ብቻ እንዲተውለት ተደርጓል። ከዚያ ወዲህ ሁሉን ያዳረሰ ድልድል አልተደረገም። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ የሠላሳ ዓመት ሰው ሊሆነው ነው። ከአባቱ አንድ ሄክታር ለአራት ወንድም ምን ይደርሳል? ስለዚህ ወደ ሁመራና መተማ ለሰሊጥ አጨዳ፣ ወደ ወለጋና መተከል ለጉልበት ሥራ ይወርድ ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ያ መንገድ በጦርነትና በግድያ ተዘጋበት። በዚያው ዓመት የቡሬው የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በድግስ ሲመረቅ «ሥራ መጣ» ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ ራሱ ጎጃም ገባ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ነሐሴ 7 ፍኖተ ሰላም ከሰማይ ተደበደበች፤ ከሃያ በላይ ሰው ማለቁን የዓለም ዜና ማሰራጫዎች ዘገቡ። ስሟ በግዕዝ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። አይ ስም!

ጠመንጃ የያዘ ሁሉ በየመንገዱ ኬላ ዘርግቶ ሲያስከፍል፣ ሰው ታግቶ በብር ሲለቀቅ፣ ሹሙ ደግሞ «መዋጮ» እያለ ከደመወዝ ሳያስፈቅድ ሲቆርጥ ጎረምሳው እያየ ነው ያደገው። በጉልበት መጠየቅን የተማረው ከለማኝ አይደለም፤ ከሹምና ከባለ ጠመንጃ ነው። ይህን የምለው እሱን ነፃ ለማውጣት አይደለም። ትልቁ ቀማኛ በወንበሩ ተቀምጦ ትንሹን ቀማኛ ብቻ ማሰር ፍርድ አይባልም ለማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አስፈሪና ነጣቂው ይጠየቅ፤ ግን በአፈሳ ሳይሆን ባደረገው ድርጊት፣ በምስክር፣ በፍርድ ቤት። ዛቻም ውንብድናም በወንጀል ሕጋችን ቅጣት አላቸው፤ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፣ የሚያስፈልገው ከጥላው ሥር የሚነሳ ፖሊስ ነው። ጫኝና አውራጁ ተደራጅቶ ቁጥር ያለው ልብስ ይልበስ፤ የሸክሙ ዋጋ በመናኸሪያው በር ላይ በትልቁ ይጻፍ። ለመሥራት የፈለገ ጎረምሳ እዚያው እንጀራ ያገኛል፣ ያልፈለገውም ይለያል። በየመስኮቱ ጃንጥላ ዘርግቶ «ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ» የሚለው ሁሉ ከሀገረ ስብከት ደብዳቤ ይዞ ይሁን፤ በእመቤታችን ስም የሚነግድ ከጎረምሳው አይሻልምና። እድሩና ሰበካ ጉባኤው ነዳያኑን በስም ይወቋቸው። ተፈናቃዩ ደግሞ ምጽዋት ሳይሆን ወደ ቄዬው የሚመለስበት ዋስትና፣ እስከዚያው ድረስም ስፍር እህል ይገባዋል።

እኛ ተሳፋሪዎችስ? ሃምሳ ሰው በጫነ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ባልቴት ስትዘረፍ ሃምሳችንም በመስኮት ወደ ውጪ እናያለን። አሥራችን ብቻ ተነስተን «ተው!» ብንል ያ ጎረምሳ ይርቅ ነበር። መስጠት ከፈለግን ደግሞ ፈርተን ለጎተተን ሳይሆን ወደን ዝም ብሎ ለቆመው እንስጥ። በፍርሃት የተሰጠ አምስት ብር ምጽዋት አይደለም፤ ለነገው ጉልበተኛ ደመወዝ ነው።

ሹሞቻችን «የእነ እገሌ ሴራ ነው» ከማለታቸው በፊት አንድ ቀን ያለ አጀብ፣ በሕዝብ ማመላለሻ ወደ ቡሬ ይሂዱ። የሚሉትን ከመናኸሪያው ሲወጡ እንሰማቸዋለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።